በእንተ አልፓካ

በአሜሪካ ምድር ሠላሳና አርባ ዓመት ኖሮ፣ ልጆቹን አስተምሮና ድሮ፣ የቤቱን ዕዳ ለባንክ ከፍሎ ጨርሶ፣ የጡረታ ደብዳቤው በእጁ የገባ የሀገራችን ሰው፣ በዚያው ሰሞን «መሬት፣ መሬት» የሚል ምኞት የሚይዘው ስለ ምን እንደ ሆነ ሊቃውንት መርምረው ቢጽፉልን መልካም ነበር፤ እኔ ግን ከመመርመር ይልቅ ለመታዘብ የተፈጠርሁ ሰው ስለ ሆንሁ፣ ምክንያቱን ለነሱ ትቼ የታዘብሁትን ብቻ እናገራለሁ። ምኞቱ የያዘው ሰው አስቀድሞ ስለ ከተማው ጩኸት ያማርራል፤ ቀጥሎ በልጅነቱ ስለ ጠጣው ምንጭ ያወራል፤ ከዚያም አንድ ቀን ከከተማ ሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ አጥር ያለው ሣር ይገዛና፣ ገዝቶ ካበቃ በኋላ «ሣሩን ማን ይብላልኝ?» ብሎ ይጨነቃል።

ከነዚህ አንዱ የልጅነት ወዳጄ ነው። መንዝ ተወልዶ፣ በበርኖስ ተጠቅልሎ አድጎ፣ በዋሽንግተን ከተማ በታክሲ መሪ ላይ ሸብቶ፣ በመጨረሻ በቨርጂንያ ግዛት፣ ብሉ ሪጅ ከሚባለው ተራራ በስተምዕራብ በተዘረጋው በሸናንዶዋ ሸለቆ ውስጥ፣ አሥር ኤከር የማትሞላ መሬት ከአንድ አሮጌ የእንጨት በረት ጋራ ገዛ። የመንዝ ሰው መሬት ሲያገኝ የሚያስበው በግ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን የልጅ ልጆቹ «አያታችን በግ ሊያርድብን ነው» ብለው ስላለቀሱ፣ ባለቤቱም በዚህ ዕድሜያቸው በግቢያቸው ደም ማየት እንደማይሹ ስላስታወቁ፣ የበጉ ነገር በቤተ ዘመድ ሸንጎ ወደቀ። ሕፃናቱ ለካ ከአጥሩ ማዶ ያለውን አይተው ኖሯል። ከአጥሩ ማዶ አንዲት አሜሪካዊት ባልቴት አልፓካ ያረባሉ፤ ጉልበታቸው ስለ ደከመም ከመንጋው ከፍለው ሊሸጡ ፈልገዋል፤ ሁለቱም ዓይነት፣ ዋካያውም ሱሪውም፣ በእጃቸው አለ። ወዳጄ ለምክር እኔን የጠራኝ ከብት ያውቃል ብሎ አይደለም፤ መነጽር ስለማደርግ ነው። «አንተ አንብበህ የቱን እንደማረባ ንገረኝ» አለኝ፤ እኔም «አንተ አንብበህ» የተባለ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ የበረዶውን ወራት ሙሉ ከተጠየቅሁት በላይ አነበብሁ።

አልፓካ ከግመል ወገን ነው። ሻኛ የለውም፣ በረሓም አይወድም፤ ቢሆንም ያንን ረዥም ሽፋሽፍት፣ ያንን የተሰነጠቀ ላይኛ ከንፈርና ከፍ ብሎ የሚይዘውን አንገት ያየ ሰው ዝምድናውን አይክድም። በደቡብ አሜሪካ አራት የአጎት ልጆች አሉ፤ ጓናኮና ቪኩኛ የዱር ናቸው፤ ላማና አልፓካ የሰው ናቸው። የአልፓካ ትውልድ ከማን እንደ ሆነ ሊቃውንቱን ለብዙ ዘመን ሲያከራክር ኖሮ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በ2001 ዓ.ም. በወጣ የዘር ምርመራ አባቱ ቪኩኛ መሆኑ ስለ ተረጋገጠ፣ በላማ ሥር ተመዝግቦ የነበረው የሳይንስ ስሙ ተፍቆ በቪኩኛ ሥር ተጻፈለት፤ ከሰው ጋራ ከ6000 ዓመት በላይ ከኖረ በኋላ በስተርጅና አባቱን ያገኘ ፍጥረት ነው። ሀገሩ የአንዲስ ተራራ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ እስከ 4000 ሜትርና ከዚያም በላይ በሚደርሰው፣ ፑና በሚባለው ደጋ፣ ቀን ፀሐይ በሚያቃጥልበት ሌሊት ውርጭ በሚወርድበት ስፍራ ይግጣል፤ ዛሬም አብዛኛው የዓለም አልፓካ የሚገኘው በፔሩ ነው። ይህን ባነበብሁለት ጊዜ ወዳጄ ዐይኑን ጨፍኖ አዳመጠኝና «የመንዝን ጓሳ ነው እኮ የምትነግረኝ» አለ፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ነገሩ ከምክር አልፎ ናፍቆት መሆኑን ተረዳሁ።

ከምርጫው በፊት ግን አንድ የሕግ ጥያቄ መቈረጥ ነበረበት። ወዳጄ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባቱን በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ይዞ፣ እኔን በምስክርነት አቁሞ ጠየቀ።

«አባታችን፣ ያመሰኳል» አለ።

«መልካም፤ ሰኮናውስ?»

ወዳጄ ወደ እኔ ዞረ። እኔም በእያንዳንዱ እግሩ ሁለት ጣት፣ በየጣቱም ጥፍር፣ ከሥሩ ደግሞ ለስላሳ መርገጫ እንዳለው እንዳነበብሁት አስረዳሁ። አባ ጥቂት ዝም አሉና «ልጄ፣ ጣትና ጥፍር ያለውን ነገር ለፋሲካ ልታርደው ነው?» አሉት። ኦሪት ዘሌዋውያን ግመልን ስሙን ጠርቶ ከከለከለ፣ የግመልን የአጎት ልጅ ለማስፈቀድ መከራከር ለእኔም ለወዳጄም የማይበጅ መስሎ ስለ ታየን፣ መስቀል ተሳልመን ተመለስን። ፔሩዎች ሥጋውን ይበላሉ፤ እነሱ ከኦሪት ጋራ ያላቸውን ሒሳብ እነሱ ያወራርዱ። ለእኛ ግን በሕግ የማይታረድ፣ በልማድም የማይታለብ እንስሳ ሆኖ ቀረ፤ በሬ ስለ እርሻው፣ ላም ስለ ወተቷ፣ በግ ስለ ላቱ በሚመረጥበት ሕዝብ መካከል ለተወለደ ሰው፣ ከጠጉር በቀር ምንም የማይሰጥ ከብት መምረጥ እንግዳ ትምህርት ነው። ወዳጄ መጀመሪያ ከመንጋው ፊት በቆመ ጊዜ ከኋላቸው ዞሮ ብዙ ቆየ፤ ላቱን ይፈልግ ነበር።

እንግዲህ የቀረው ጠጉሩ ብቻ ከሆነ፣ የዋካያና የሱሪ ልዩነትም ጠጉር ብቻ ነው። ከዓለም አልፓካ ከመቶ ዘጠና የሚሆነው ዋካያ ሲሆን፣ ጠጉሩ ከቆዳው ቀጥ ብሎ እየወጣ፣ ከሥሩ እስከ ጫፉ በጥቃቅን ማዕበል እየታጠፈ ስለሚያድግ፣ እንስሳው ከሩቅ ሲያዩት ክብ መስሎ ይታያል፤ ሲጨብጡት ይጨበጣል፣ ሲለቁት ተመልሶ ይነሣል። ሱሪው ግን ማዕበል የለውም፤ ጠጉሩ በጀርባው አጥንት ላይ ግራና ቀኝ ተከፍሎ፣ በየሹሩባው እየተገመደ ወደ ምድር ይወርዳል፤ የእያንዳንዱ ጠጉር ገጽ ልሙጥ ስለ ሆነም ፀሐይ በወጣች ጊዜ ያበራል። (የወዳጄ ባለቤት አዲስ አበባ ላለችው እኅታቸው በስልክ «ሱሪ ልንገዛ ነው» ባሉ ጊዜ፣ እኅትየዋ የማንን ወገብ እንደሚለካ ጠይቃ፣ «ጠጉሩ መሬት ይደርሳል» የሚል መልስ ስለ ሰማች፣ ስልኩ የተቋረጠ እስኪመስል ድረስ ዝም ብላ ነበር።)

ባልቴቷ አስቀድመው አንዲት ቡናማ ዋካያ በአንገቷ አቅፈው ያዙልንና፣ በትከሻዋ ላይ ሁለቱን መዳፋቸውን አሳርፈው ጠጉሯን ለሁለት ከፈሉት። ላይ ላዩ ያየነው ገለባና አቧራ የለበሰ፣ ጫፉን ፀሐይ ያነጣው፣ ለዐይን የማይስብ ነገር ነበር፤ ከፍተው ያሳዩን ውስጡ ግን የጠራ ቡናማ ሲሆን፣ ማዕበሉ ከነጣው ጫፍ እስከ ቀላው ቆዳ ድረስ እኩል እኩል እየተቈጠረ ይወርዳል። እጄን ሰደድሁ፤ ሞቀኝ፤ ሳወጣውም የበግ ጠጉር በነካ እጅ ላይ የሚቀረው ቅባትና ሽታ አልነበረበትም። ቀጭንነቱ የሚለካበት መስፈርት ማይክሮን ይባላል፤ አንድ ሚሊ ሜትር ለሺሕ ሲከፈል ማለት ነው። የሰው ጠጉር 70 ግድም ሲሆን፣ መልካም አልፓካ ከ20 በታች ይወርዳል፤ ዕድሜው በገፋ ቁጥር ግን እየወፈረ ይሄዳል። በዚህ ነገር ከሰው እንደሚለይ ወዳጄ ራሴን እያየ ተናገረ።

ቀጥለው ሱሪውን አመጡት፤ ነጭ ተባዕት ነበር። ሹሩባውን አንሥተው በወዳጄ መዳፍ ላይ አኖሩለት፤ ሹሩባውም ቀዝቀዝ ብሎ በጣቶቹ መካከል ፈሶ ወረደ። ወዳጄ ድጋሚ አነሣው፤ ድጋሚም ፈሰሰ። «ሐር ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ከዚያ በኋላ ባልቴቷ ስለ ጥርሱ፣ ስለ ትውልዱ፣ ስለ ጠባዩ የተናገሩትን ሁሉ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሰው በውበት የሚያዝበትን ሰዓት ማየት ለታዛቢ ደስ ቢያሰኝም፣ ለአማካሪ ግን የጭንቅ ሰዓት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያነበብሁት ሁሉ ስለ ሱሪው ጥብቅና በቆመ ሰው ፊት የሚቀርብ ክስ ሆነብኝ።

ክሱም ቀላል አልነበረም። የሱሪ ጠጉር በጀርባ ላይ ስለሚከፈል፣ ቀዝቃዛ ዝናብ ቆዳው ድረስ ያለ ከልካይ ይገባል፤ ዋካያውን ግን ጠጉሩ ይመክትለታል። በአንጻሩ የሸናንዶዋ ሐምሌ ወበቅ ዋካያውን ያስጨንቀዋልና፣ በሚያዝያና በግንቦት ሳይሸለት ከቀረ፣ ጥላና ማራገቢያም ካላገኘ ይወድቃል። ሁለቱንም ሳይለይ የሚያጠቃ ሌላ ጠላት ደግሞ አለ፤ ይኸውም ነጭ ጅራት ያለው አጋዘን በሰውነቱ ይዞት የሚዞር፣ ራሱን አጋዘኑን ግን የማይጎዳ ትል ነው። አጋዘኑ በጠጡን በሣሩ ላይ ይጥላል፤ ቀንድ አውጣና ዛጎል አልባ ዘመዱ ትሉን ይወስዳሉ፤ አልፓካው ሲግጥ ከሣሩ ጋራ ቀንድ አውጣውን ይውጣል፤ ትሉም ወደ አንጎሉና ወደ ሕብለ ሰረሰሩ ገብቶ እግሩን ያሽመደምደዋል። ስለዚህ በምሥራቅ አሜሪካ የሚኖሩ ባለ አልፓካዎች መንጋቸውን በየወሩ መርፌ ይወጋሉ። ወዳጄ ይህን ሲሰማ «አጋዘኑን ማን ጋበዘው?» ብሎ ተቈጣ፤ አጋዘኑ ግን በዚያ ሸለቆ ከርሱ በፊት የነበረ ባለ ርስት ነው።

ስለ ንዋዩም ማንበቤ አልቀረም፤ ከሁሉም ይልቅ ነገሩን ያበራልኝ ይህ ክፍል ነው። በእንግሊዝ ሀገር ታይተስ ሶልት የተባለ የብራድፎርድ ሱፍ ነጋዴ፣ በ1836 ዓ.ም. በሊቨርፑል ወደብ በአንድ መጋዘን ውስጥ ገዢ ያጣ የአልፓካ ጠጉር ክምር አገኘ፤ ሌሎች ባለ ፋብሪኮች ሊጠቀሙበት ያልቻሉትን ያንን ጠጉር ከጥጥ ድር ጋራ አዋሕዶ የሚያበራ ጨርቅ አወጣበት፤ በጨርቁም ታላቅ ባለጸጋ ሆኖ፣ ፋብሪካውን በ1853 ዓ.ም. ከፍቶ በዙሪያው ሶልቴር የምትባለውን የሠራተኞች መንደር ቈረቈረ፤ ባሮኔት ተብሎ በተሾመ ጊዜም በማዕርጉ ዓርማ ላይ አልፓካ አሣለ። ከርሱ ጥቂት ዘግይቶ ቻርልስ ሌጀር የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ፣ እንስሳው ከፔሩ እንዳይወጣ ተከልክሎ ሳለ፣ በስውር መንጋ ሰብስቦ፣ ዓመታት በፈጀ ጉዞ አንዲስን አሻግሮ፣ በ1858 ዓ.ም. ከ200 የሚበልጡ አልፓካዎችንና ዘመዶቻቸውን በሲድኒ ወደብ አወረደ፤ ነገር ግን በአውስትራልያ ጠጉሩን የሚያዘጋጅለትና የሚገዛው ኢንዱስትሪ ስላልነበረ መንጋው ተሸጦ ተበተነ፣ ሌጀርም ትርፉን ሳያይ ቀረ። (ይኸው ሰው ኋላ የወባ መድኃኒት የሚወጣበትን የሲንኮና ዘር ከቦሊቪያ አስወጥቶ ለደቾች ሸጠ፤ ዘሩን የሰበሰበለት ማኑኤል ኢንክራ ማማኒ የተባለ የሀገሬው ሰው ግን ተይዞ ተገርፎ ሞተ። ታሪክ የሚያስታውሰው አሻጋሪውን ነው።)

ወደ አሜሪካ ስንመጣ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በ1980ዎቹ ዓመታት አልፓካ በብዛት መግባት ጀመረ፤ በ1998 ዓ.ም. የዘር መዝገቡ ከውጭ ለሚመጣ እንስሳ ተዘጋ፤ መዝገቡ ሲዘጋ ደግሞ ዋጋው ተከፈተ። አንዲት የመራቢያ እንስት በአሥር ሺሕ በሚቈጠር ዶላር የምትሸጥበት፣ ተባዕት ኮርማውም ከዚያ እጅግ በላይ የሚጠራበት ዘመን መጣ። የሚገዛው ሰው የሚገዛው ልጅ አስወልዶ ለሌላ ለሚገዛ ሰው ሊሸጥ ነበር፤ ያም ሰው እንዲሁ። በ2007 ዓ.ም. ቲና ሳይቶኔና ሪቻርድ ሴክስተን የተባሉ የካሊፎርኒያ የእርሻ ኢኮኖሚ ሊቃውንት፣ ይህን የሚያህል ዋጋ ከጠጉሩ በሚገኘው ገቢ ሊደገፍ የማይችል እብጠት መሆኑን ጽፈው ነበር፤ ባለ አልፓካዎቹ በጽሑፉ ደስ አልተሰኙም፤ ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ግን ዋጋው ወድቆ፣ ትናንት በብድር የተገዛው ከብት ለሚወስደው ሰው በነጻ የሚሰጥበት ጊዜ ሆነ። ሦስቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ባኖርኋቸው ጊዜ ነገሩ ታየኝ፤ ሶልት የከበረው ጠጉሩን እንዴት እንደሚፈትል ስላወቀ ነው፤ ሌጀርና አሜሪካውያኑ ግን እንስሳውን ይዘው ፈታዩን ረስተዋል። እንግዲህ የወዳጄ ጥያቄ ዋካያ ወይስ ሱሪ ከመሆኑ በፊት፣ ጠጉሩን ማን ይፈትለዋል የሚል መሆን ነበረበት።

ወዳጄ ግን የሚያስበው ስለ መራባት ነበር። ሁለት ነጭ ሱሪ ገዝቶ፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሸለቆውን በሹሩባ ሊሞላው ፈልጓል። እኔም መዝገቤን ገልጬ አነበብሁለት። እንስቲቱ አሥራ አንድ ወር ከዚያም ጥቂት አልፎ ታረግዛለች፤ የምትወልደው አንድ ብቻ ነው፤ መንታ እጅግ ብርቅ ነው። የምትወልደውም ብዙውን ጊዜ በቀን ነው፤ በአንዲስ ሌሊት እርጥብ ግልገል ውርጭ ይገድለዋልና። ስለ ጋብቻቸው አብዝቶ መጻፍ ጨዋነት ባይፈቅድም፣ ተባዕቱ ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ሙሉ ሳያቋርጥ እንደሚያንጐራጕር መጥቀስ ሳይንስ ያስገድዳል። ማርገዟን ለማወቅ ደግሞ ተባዕቱን ዳግመኛ ያቀርቡላታል፤ ካረገዘች ትተፋበታለች። በዚህ ዓይነት ከተወለዱት እኩሌታው ወንድ ይሆናል፤ ወንዶቹንም ለማርባት የሚፈልጋቸው ጥቂት ነው። ከሁሉም የሚደንቀው ከሁለት ሱሪዎች ዋካያ ሊወለድ መቻሉ ነው፤ የሱሪው ጠጉር በውርስ የሚያይል ስለ ሆነ ዋካያው በውስጡ ተሰውሮ ይኖርና በልጅ ላይ ብቅ ይላል። «እናትም አባትም ሱሪ ሆነው ልጁ ዋካያ ከሆነማ ጎረቤት ምን ይላል?» አለ ወዳጄ፤ እኔም ጎረቤቱ አጋዘን ብቻ መሆኑን አስታወስሁት። ያዕቆብ በላባ ቤት ዝንጉርጉሩን ከነጩ እየለየ መንጋ ያበዛው ሃያ ዓመት አገልግሎ መሆኑን፣ እርሱም ያን ጊዜ ጡረተኛ እንዳልነበረ ጨምሬ ነገርሁት።

ስለዚህ ምክሬን ሰጠሁ፦ ዋካያ፤ ያውም ለመጀመሪያው ጥቂት የተኰላሹ ወንዶች ብቻ፤ ጠጉራቸው የሴቲቱን ያህል መልካም ነው፣ ዋጋቸው ርካሽ ነው፣ እርግዝናና ምጥ የለባቸውም። ወዳጄ ረዥም ጊዜ ተመለከተኝ።

«ሙክት ነው የምትለኝ?»

«ሙክት ነው።»

«የማይታረድ ሙክት?»

መልስ አልነበረኝም። የመንዝ ሰው ስለ በግ መልክ የያዘውን ሐሳብ በክርክር ያስለወጠ ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ከደብረ ብርሃን የፈረንጅ አውራ በግ ደም የገባባቸው ጠቦቶች ለገበሬ እንዲታደሉ በተሞከረ ጊዜ፣ ጠጉሩ ቢሻሻልም መልኩና ላቱ የሀገሬውን በግ አልመሰለም ብሎ ገበሬው ፊቱን እንዳዞረ ይነገራል። ገበሬው ተሳስቶ ነበር ለማለት አልደፍርም፤ በገበያ ቀን በጉን የሚሸጠው እርሱ ነውና።

ነገሩን የፈረዱት ባለቤቱ ናቸው። እሳቸው እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ አልፓካው አንድም ቃል አልተናገሩም ነበር። ባልቴቷ ከሁለቱም ዓይነት አንዳንድ እፍኝ ጠጉር በከረጢት ሰጥተውን ስለ ነበር፣ እሳቸው ወደ መኝታ ቤት ገብተው ከእናታቸው የወረሱትን፣ ከሀገር ሲወጡ በሻንጣ ውስጥ በነጠላ ጠቅልለው ያመጡትን እንዝርት ይዘው ወጡና በወንበሩ ጫፍ ተቀመጡ። አስቀድመው የዋካያውን አነሡ፤ ገለባውን በጣታቸው ለቀሙ፣ ጠጉሩን ሳብ ሳብ አድርገው አሳሱ፣ ከእንዝርቱ ጫፍ አገናኝተው በጭናቸው ላይ አሽከረከሩ። ጠጉሩ እርስ በርሱ ተያያዘ፤ ማዕበሉ ማዕበሉን እየያዘ ከእጃቸው ወደ እንዝርቱ ወጣ፤ በመጀመሪያ እዚህ የወፈረ እዚያ የሳሳ ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ እጃቸው ጥጡን ረስቶ አዲሱን ሲለምድ እኩል ሆነ፤ ልቃቂቱም ክብ መሥራት ጀመረ። ቀጥለው የሱሪውን አነሡ። ሳብ ሲያደርጉት ያለ ገደብ ተሳበና ተለያየ፤ እንዝርቱ ወለል ላይ ወድቆ ከሶፋው ሥር ገባ። አወጣሁላቸው። አሁንም ሞከሩ፤ አሁንም ወደቀ። በሦስተኛው አክርረው ቢያሽከረክሩት ፈትል ወጣ፤ እንደ ተባለውም ያበራል፤ ግን ሲነኩት ደርቆ ሲባጎ ሆኗል።

«ጋሼ፣ ይኼ ቢሸመን ምን ይሆናል?» ብለው ጠየቁኝ።

ለስላሳ ሆኖ እንደሚወርድ፣ ሱፍ ወይም ሐር ካልተቀላቀለበት ግን ቅርጹን ለመጠበቅ እንደሚቸገር፣ ፈትሉን የሚያውቅ ፋብሪካ ሲሠራው ለኮትና ለክብር ልብስ እንደሚሆን ያነበብሁትን ነገርኋቸው።

«ጋቢ ቢሆንስ?»

«ከትከሻ ይንሸራተታል።»

«ታዲያ ሌሊቱን ሙሉ ሲሰበስቡት ማደር ነው» አሉና ፊታቸውን ወደ ባላቸው አዞሩ። «አንተ ሰውዬ፣ ሹሩባውን ስታይ ደስ ካለህ ሥዕሉን አንሣና ግድግዳ ላይ ስቀል። እኔ የምፈትለውን አምጣልኝ። ሸማኔውን ደግሞ ከየት እንደምታመጣ ከአሁኑ አስብበት።»

የሸማኔው ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም። በዚያ አካባቢ ጠጉር ተቀብለው በመኪና ፈትለው የሚመልሱ ትንንሽ ፋብሪኮች አሉ፤ በሚዛን ያስከፍላሉ፤ ተራ ለማግኘትም ወራት ያስጠብቃሉ። አንድ አልፓካ በዓመት አንድ ጊዜ ተሸልቶ ከሁለት እስከ አራት ኪሎ ይሰጣል፤ ከዚያም ውስጥ ምርጡ የጀርባውና የጎኑ ነው፤ የአንገቱና የእግሩ ለትራስ ይሆናል። ነቢዩ ኢሳይያስ የዝምታ ምሳሌ ያደረገው በጉን እንጂ አልፓካውን አይደለም፤ በሽልት ቀን የፊትና የኋላ እግሮቹ በገመድ ተወጥረው፣ እንዳይተፋ አፉ ካልሲ ገብቶበት፣ ሸለቆው እስኪሰማ ድረስ ይጮኻል። ወዳጄ ይህን ጩኸት በሰማ ቀን መጀመሪያ የጠየቀው «ፖሊስ አይመጣም?» የሚል ነው።

ግዢው በሚያዝያ ተፈጸመ። ባለቤቱ መርጠው ሦስት የተኰላሹ ዋካያዎች ተገዙ፤ አንዱ ቡናማ፣ አንዱ ግራጫ፣ አንዱ ነጭ። ወዳጄ ዋጋውን ቈጥሮ ከከፈለ በኋላ ከአጥሩ ሊለቅ አልቻለም፤ ባልቴቷም የቆመበትን አይተው፣ ዕድሜው የገፋ፣ ከታች ጥርሶቹ ሁለት የጎደሉት፣ ለማርባት የማይሆን አንድ ሱሪ ያለ ዋጋ መረቁለት። ባለቤቱ ምርቃቱን እምቢ ማለት ነውር ነው ብለው ተቀበሉ፤ መርፌውን በየወሩ የሚወጋው ግን የወደደው ሰው መሆኑን በምስክር ፊት ቃል አስገቡት፤ ምስክሩም እኔ ነኝ።

ትናንት ማታ ወዳጄ ስልክ ደወለ። ቀበሮ መሰል አውሬ በሌሊት በአጥሩ ዙሪያ ሲያንዣብብ ስለ ሰማ ለመንጋው ጠባቂ ውሻ ሊገዛ ነው፤ አናቶልያና ታላቁ ፒሬኒስ የሚባሉ ሁለት ዓይነት እረኛ ውሾች አሉ አሉ፤ «አንተ አንብበህ የቱ እንደሚሻል ንገረኝ» አለኝ። እኔ ሳልመልስለት ባለቤቱ ከኋላ ሆነው፣ የትኛው ጠጉሩ እንደሚፈተል ደርቤ እንዳነብላቸው አሳሰቡ።